አተንቦሮ ዳይሬክተር ነው ወይስ ደጅ ጠኚ?

ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ ፊልም ወዳዶች የምንጨቃጨቅበት መድረክ ላይ አንድ ሰው ጥያቄ ጣለ። እንግሊዛዊውን የፊልም ሰው ሪቻርድ አተንቦሮን በምኑ እናስታውሰው፣ በፕሮዲዩሰርነቱ ወይስ በዳይሬክተርነቱ? መልስ ለመስማት የጓጓ አይመስልም፤ ብይኑን እዚያው ራሱ ሰጠ። በእሱ ሚዛን ሰውዬው እንደ ዳይሬክተር ደህና የሚባል ነው፣ እንደ ፕሮዲዩሰር ግን አቻ የለውም። ከጦርነቱ በኋላ በነበረችው እንግሊዝ ካሜራ የት ቢቆም እንደሚያምር ከእሱ አብልጠው የሚያውቁ ሞልተው ነበር። ገንዘብ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ግን እንደ እሱ የሚያውቅ አልነበረም። ለማስረጃ «ጋንዲ»ን ጠራ። ሐሳቡ የቀረበለት በ1962 ነው፣ ፊልሙ የታየው በ1982። አንድን ፊልም ሃያ ዓመት ይዞ የዞረ ሰው ዳይሬክተር ብቻ ሊባል አይችልም ባይ ነው።

እኔ ስደርስ የውይይቱ ክር ሃያ መልስ አልፎ ነበር። ቡናዬን ይዤ ከላይ ጀመርኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የእኛው አቆጣጠር ይመጣል፣ እዚያ ስንደርስ ትለዩታላችሁ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ጠያቂውን አመስግኖ፣ እሱ አተንቦሮን የሚያውቀው በ«ጁራሲክ ፓርክ» ብቻ እንደሆነ ተናዘዘ። ያ ነጭ ጺም ያለው፣ ነጭ ልብስ የሚለብሰው፣ ዳይኖሰር ያስፈለፈለው ሽማግሌ። ዳይሬክተር መሆኑን ዛሬ ገና መስማቱ ነው። እኔም ብዙዎቻችን በዚያ በር እንደገባን እገምታለሁ።

2ኛዋ ደግሞ የድምፁን ነገር አንስታ አሞገሰችው። ስለ እንስሳት ሲተርክ ያ ድምፅ እንዴት ልብ እንደሚያረጋጋ፣ የስሜን ተራሮችን ጭላዳ ያየችበት ፊልም እስካሁን ከዓይኗ እንዳልጠፋ ጻፈች። 3ኛው በቀስታ አረማት። ያ ዴቪድ ነው፣ ታናሽ ወንድሙ። ሪቻርድ በ1923፣ ዴቪድ በ1926 ተወለዱ። አባታቸው በሌስተር የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ኃላፊ ነበሩ። ጦርነቱ ሲጀመር ቤተሰቡ ከጀርመን የመጡ ሁለት አይሁዳውያን እህትማማቾችን ተቀብሎ እንደ ልጆቹ አሳደገ። አስተካካዩ በዚህ አላበቃም፤ የሪቻርድን ሥራ ለመረዳት ከዚያ ቤት መነሳት እንደሚሻል አከለ። 4ኛው፣ 5ኛውና 6ኛው ግን ጭላዳን ይዘው ሄዱ። ጭላዳ ዝንጀሮ ነው አይደለም፣ ሣር ብቻ ነው የሚበላው ወይስ ማሳ ላይም ይወጣል። አንዱ ደባርቅ ያደገ ነው መሰለኝ፣ በገበሬው ወገን ሆኖ ተከራከረ። ዘለልኩት።

ክሩ ወደ መንገዱ የተመለሰው በ7ኛው ነው። ለንደን የሚኖር ሰው ነው፤ ረጅም ጻፈ፣ ሲጽፍም አይቸኩልም። ጠያቂው ታሪኩን ከመሃል እንደጀመረው ነገረው። «ጋንዲ» መጨረሻው እንጂ መጀመሪያው አይደለም። አተንቦሮ መጀመሪያ ተዋናይ ነበር። በ1947 «ብራይተን ሮክ» ላይ ገና የልጅ ፊት ያለው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ተጫውቶ ስሙ ወጣ። በ1952 ደግሞ ከሚስቱ ከሺላ ሲም ጋር «ዘ ማውስትራፕ» የሚባል የመድረክ ድራማ ላይ የመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ሆኑ። እዚህ ላይ ለንደኑ ሰውዬ ልብ በሉ አለ። ባልና ሚስቱ ከደመወዛቸው ከፊሉን ትተው ከትርፉ ድርሻ ወሰዱ። ድራማው በለንደን እስካሁን ይታያል፤ ያስቆመው የ2020ው ወረርሽኝ ብቻ ነው። ከዓመታት በኋላ «ጋንዲ» ገንዘብ አጥቶ ሲንገዳገድ አተንቦሮ ከሸጣቸው ነገሮች አንዱ ያው ድርሻ ነበር። ደመወዝና ድርሻ ለየቅል መሆናቸውን ሰውዬው በ29 ዓመቱ ገብቶታል፤ ፕሮዲዩሰርነቱን ከዚያ ቁጠሩለት ሲል ዘጋ።

ይኼን ሳነብ ጠያቂውም ለንደኑም በአንድ ጎን የቆሙ መሰለኝ።

8ኛዋ ስለ ቢቨር ፊልምስ ጠየቀች። ለንደኑ በ9ኛው መለሰላት። አተንቦሮ ከጓደኛው ከብራያን ፎርብስ ጋር በ1959 ያቋቋመው ትንሽ ኩባንያ ነው። የመጀመሪያ ሥራቸው «ዘ አንግሪ ሳይለንስ» በ1960 ወጣ። ዳይሬክተሩ ጋይ ግሪን ነው፣ ድርሰቱን ፎርብስ ጻፈው። ያሰቡት በጀት ስለከበዳቸው ዋናዎቹ ሰዎች አስቀድሞ ምንም ላይቀበሉ፣ ከትርፉ ሊካፈሉ ተስማሙ። በጀቱም ከ100 ሺህ ፓውንድ በታች ወረደ። ዋናውን ገጸ ባሕርይ የሚጫወተው ኬኔት ሞር ነበር፤ እሱ ሲቀር አተንቦሮ ራሱ ገባበት።

ታሪኩን 10ኛው ተረከው፣ እኔም እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ቶም ከርቲስ የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ማኅበሩ በይፋ ያልጠራው አድማ ይመታል። ቶም ልጆች አሉት፣ ሚስቱም እርጉዝ ናት፤ አላድምም ይላል። አድማው ካለፈ በኋላ ጓደኞቹ አያናግሩትም። ዝም ይሉታል። ማሽኑ አጠገብ የሚቆመው ሰው አያየውም። በሠራተኞች ክበብ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ይበላል። አንድ ቀን እዚያው ክበብ ውስጥ ይፈነዳል፣ ይጮኻል፤ ማንም አይመልስለትም። 10ኛው ይህን ሲጽፍ የእኛን አገር አባባል ጠራ፤ እሳትና ውሃ ከለከሉት። ከዚህ የተሻለ ትርጉም ለዚያ ፊልም አላውቅም።

11ኛው መልስ ላይ ቃናው ተቀየረ። ጸሐፊው ድሮ ፋብሪካ ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ተመራጭ የነበሩ አባት ናቸው። ፊልሙ የአሠሪ ፊልም እንደሆነ፣ አድማ የሚመታን ሠራተኛ መንጋ አድርጎ እንደሚስል፣ አድማ ሰባሪን ጀግና የሚያደርግ ጥበብ ለእሳቸው ጥበብ እንዳልሆነ በቁጣ ጻፉ። 12ኛው ወጣት ፊልሙን አይተውት እንደሆነ ጠየቃቸው፤ አጠያየቁ አክብሮት የጎደለው ነበር። 13ኛዋ ወጣቱን አንቱ በል ብላ ገሠጸችው። ከዚያ ለንደኑ በ14ኛው ገባና ለጋሼ አክብሮቱን ገልጾ አንድ ነገር ጨመረ። በደቡብ ዌልስ የማዕድን ሠራተኞችም ልክ እንደ እሳቸው ተቆጥተው ፊልሙ በሲኒማ ቤቶቻቸው እንዳይታይ ከልክለው ነበር። አተንቦሮ ራሱ ሄደ። አብሯቸው ተቀምጦ አሳያቸው፣ ተከራከራቸው፣ እገዳውም ተነሳ። ጋሼ በ15ኛው መለሱ፤ ሰውዬው ሄዶ መከራከሩን ወደዱለት፣ ፊልሙን ግን አሁንም አልወደዱትም።

16ኛው መልስ ከአዲስ አበባ ነው፤ ለእኔ ከክሩ ሁሉ የሚጥመው እሱ ነው። ጸሐፊው ራሱ አንድ ፊልም ፕሮዲዩስ አድርጎ ያውቃል። ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዶ፣ መኪናውን ሸጦ ነው የገባበት። እሱም እንደ ቢቨር ፊልምስ ተዋንያኑን በድርሻ አስማማቸው። የመጀመሪያው ሳምንት ፍቅር ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዋናው ተዋናይ ሌላ ቀረጻ አለኝ ብሎ ቀረ፤ ግማሹን ካልከፈልከኝ አልመጣም ማለቱ ነበር። ከፈለው። የምርቃቱ ዕለት አዳራሹ ጢም አለ፣ አበባ መጣ፣ ፎቶ ተነሱ። ከዚያ ሲኒማ ቤቱ የራሱን ድርሻ ቆረጠ፣ ፖስተር ለጣፊው የራሱን ወሰደ፣ ለእሱ የተረፈችው መኪናውን ቀርቶ የመኪናውን ጎማ አትገዛም። ዛሬም ያ ተዋናይ ካፌ ውስጥ ሲያገኘው ሁለተኛውን መቼ ነው የምንጀምረው ይለዋል። 17ኛው ሳቀ ብቻ፤ አምስት የሳቅ ምልክት። 18ኛው ግን ቀልዱን አልወደደም። በዚህ አገር ድርሻ ሲባል ማንም ሂሳብ አያሳይም፣ ድርሻ ሊሠራ የሚችለው መዝገብ የሚከፍት ሰው ሲኖር ነው ሲል ነካ አድርጎ አለፈ። እውነቱን ነው።

ዳይሬክተርነቱን የሚከላከል ሰው እስከ 19ኛው አልመጣም። ስትመጣ ግን በደንብ መጣች። «ኦ! ዋት ኤ ላቭሊ ዋር» በ1969 የመጀመሪያው የዳይሬክተርነት ሥራው ነው፤ ድርሰቱን ይዞለት የመጣው ተዋናዩ ጆን ሚልስ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት በብራይተን የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ላይ፣ በወታደሮቹ በራሳቸው መዝሙር የሚተረክ ፊልም ነው። እሷ የያዘችው የመጨረሻውን ትዕይንት ነው። ነጭ የለበሱ ሴቶች አረንጓዴ መስክ ላይ ናቸው። ዙሪያቸው ነጭ መስቀል አለ። ካሜራው ወደ ላይ ይሸሻል፣ መስቀሉ ይበዛል። ይሸሻል፣ ይበዛል። ሴቶቹ ነጠብጣብ እስኪያህሉ ድረስ። መስቀሎቹ በሺዎች ናቸው፤ አንድ በአንድ የተተከሉ እንጂ በኮምፒውተር የተባዙ አይደሉም። ይህን ያሰበ ሰው ደህና ዳይሬክተር ብቻ ከተባለ ደህና ለሚለው ቃል ሌላ ትርጉም ይፈለግለት ብላ ጠያቂውን ወጋችው።

ጠያቂው በ20ኛው ተመለሰ፣ ትንሽም ተበሳጭቷል። መስቀል መትከል ሎጂስቲክስ ነው አለ። 21ኛው ነገሩን አከረረበት። በዚህ ሒሳብ ከሆነ ሌላው የጦርነት ፊልሙ «ኤ ብሪጅ ቱ ፋር»ም ሎጂስቲክስ ነዋ? በ1976 ሆላንድ ናይሜኸን ከተማ ላይ ትልቁን ድልድይ የሰጧቸው ለአንድ ሰዓት ብቻ ነበር። እሑድ፣ ጥቅምት 3፣ በፈረንጅ ሰዓት ከ8 እስከ 9። ሮበርት ሬድፎርድ ወታደሮቹን እየመራ በጥይት ውስጥ ድልድዩን የሚሻገርበት ትዕይንት በዚያች ሰዓት ካላለቀ፣ መድገሙ ቢያንስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ያስወጣል። አተንቦሮም ድልድዩ ላይ ሬሳ ሆነው የተጋደሙት ሁሉ ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ አዘዘ። የሞተ ሰው ዓይኑን ከፍቶ ሊሞት ይችላል፤ ግን አንድ ሬሳ ካርገበገበ ሰዓቲቱ ከነሚሊዮኗ ሄደች። 21ኛው የጠየቀው እንግዲህ ይህቺ ትእዛዝ የማናት ነው። የፕሮዲዩሰሩ ወይስ የዳይሬክተሩ?

ጠያቂው መልስ አልሰጠም። እኔ እንደሆንኩ የሁለቱም ናት እላለሁ፤ ጥያቄውም እዚያ ጋ የተሰነጠቀ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ የዚያ ፊልም ፕሮዲዩሰር አተንቦሮ አልነበረም፣ ጆሴፍ ሌቪን ነው። አተንቦሮ የሠራለት አንድም ለ«ጋንዲ» ገንዘብ ያገኝልኛል ብሎ ነበር። አላገኘለትም።

22ኛው መልስ የ«ጋንዲ»ን ደጅ ጥናት በየደጃፉ ዘረዘረ። ደጅ ጥናት የሚለውን ቃል ያመጣውም እሱ ነው፣ ርዕሴን የሰረቅሁት ከእሱ ነው። በ1962 ለንደን የሚኖር ሞቲላል ኮታሪ የሚባል ሕንዳዊ አተንቦሮን አግኝቶ የጋንዲን ሕይወት ፊልም እንዲሠራ ጠየቀው። አተንቦሮ እስከዚያ ቀን ድረስ አንድም ፊልም ዳይሬክት አላደረገም። በእንግሊዝ ንግሥት ዘመድ በሎርድ ማውንትባተን በኩል የሕንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔሩ ዘንድ ቀረበ። ኔሩ ተቀበሉት፤ በ1964 ግን አረፉ፣ ነገሩም አብሯቸው ተዳፈነ። ከዚያ የሆሊውድ ቢሮዎች ተራ መጣ። ነጠላ ለብሶ በትር የያዘ ሽማግሌ ማን ከፍሎ ያያል አሉት። በመጨረሻ የኔሩ ልጅ ኢንድራ ጋንዲ በሥልጣን ላይ እያሉ የሕንድ መንግሥት የፊልም ኮርፖሬሽን ከወጪው ሲሶ ያህሉን ሸፈነ። በዚህ የተቆጡ የሕንድ ፊልም ሠሪዎች ነበሩ። የእኛ ገንዘብ ለምን ለባዕድ ይሰጣል አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው።

የጋንዲን አስከሬን ሽኝት ትዕይንት 23ኛዋ ጨመረች። የተቀረጸው ጥር 31 ቀን 1981 ነው፣ የጋንዲ አስከሬን በተሸኘበት በ33ኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን። ከ300 ሺህ ሰው በላይ ወጣ። አብዛኛው ያለ ክፍያ የመጣ ነው። 11 የካሜራ ቡድን ሙሉ ጠዋት ቀረጸ። ፊልሙ ውስጥ የቀረው ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው።

24ኛው ኦስካሩን አነሳና ክሩ በደንብ ሞቀ። «ጋንዲ» ስምንት ወሰደ፣ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተርን ጨምሮ። በዚያው ዓመት «ኢ.ቲ.» ተወዳድሮ ተሸነፈ። ለ24ኛው ይህ ዘረፋ ነው። ዛሬ ማን «ጋንዲ»ን ደግሞ ያያል? ሦስት ሰዓት ከምናምን! 25ኛው እኔ አያለሁ አለ። 26ኛው የተሸነፈው የ«ኢ.ቲ.» ዳይሬክተር ስፒልበርግ ከአሥር ዓመት በኋላ አሸናፊውን ጠርቶ ዳይኖሰር እንዳስጠበቀው አስታወሰ። አተንቦሮ ትወናን ትቶ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

27ኛው የኃይሌ ገሪማን ስም ሲያመጣ እኔም ከወንበሬ ቀና አልኩ። «ሳንኮፋ»ን የሚያከፋፍል ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ሲያጣ፣ ሲኒማ ቤት እየተከራየ ከከተማ ከተማ ራሱ ያሳየ ሰው። «ጤዛ»ን ለመጨረስ 14 ዓመት የፈጀ ሰው። የሃያ ዓመት ትዕግሥት የሚያስደንቃችሁ ከሆነ የራሳችሁ ሰው አላችሁ አለ። 28ኛዋ ከዋሽንግተን ናት፤ ማወዳደሩ አስቆጣት። አንዱን የንግሥት ዘመድ ደብዳቤ ጽፎለት ጠቅላይ ሚኒስትር ዘንድ ይገባል፣ ሌላው ቁጭ ብሎ የሚያስጠብቀው ደጃፍ እንኳ የለውም። ደጅ ለመጥናትም ደጅ ያስፈልጋል ብላ ጻፈች። 27ኛው አልተከራከረም፤ የወደድኩት ምልክት አደረገላትና ጠፋ።

ከዚያ «ክራይ ፍሪደም» መጣ። መምጣቱ አይቀርም ነበር። የ1987 ፊልም ነው፣ ዚምባብዌ ውስጥ የተቀረጸ። ዴንዘል ዋሽንግተን የደቡብ አፍሪካውን የጥቁሮች ነጻነት ታጋይ ስቲቭ ቢኮን ሆኖ ለኦስካር ታጨበት። 29ኛው ክሱን አቀረበ፦ ቢኮ በፊልሙ መሃል ይሞትና የቀረው ነጩ ጋዜጠኛ ዶናልድ ዉድስ ከነቤተሰቡ የሚያመልጥበት ታሪክ ይሆናል። የጥቁሩ ሰው ፊልም የነጩ መንገድ ሆነ። 30ኛው ገንዘቡን የሚሰጡት ነጮች ስለሆኑ የሚያዩት ፊት ይፈልጋሉ፣ ይህም የፕሮዲዩሰር ስሌት ነው ሲል ተከላከለ። 29ኛው ይህን እንደ መከላከያ ሳይሆን እንደ እምነት ቃል ተቀበለው። ትንሽ ተሰዳደቡ። 31ኛዋ ለሁለቱም አንድ ነገር አስታወሰች። በ1988 ፊልሙ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በተከፈተበት ዕለት ፖሊስ ቅጂዎቹን ከየሲኒማ ቤቱ ሰብስቧል። አፓርታይድ የነጩን መንገድም ፈርቶት ነበር ማለት ነው።

32ኛው ያው ጋሼ ናቸው። ቢኮ የሞተው መስከረም 12 ቀን 1977 ነው፤ እሳቸው ወደ እኛ መለሱት። መስከረም 2 ቀን 1970 ዓ.ም.። ደርግ ሥልጣን የያዘበት ሦስተኛ ዓመት። ያን ዕለት እሳቸው አብዮት አደባባይ ሰልፍ ላይ ነበሩ፤ ቢኮ ስለሚባል ሰው የሰሙት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ከዚያ መልስ በኋላ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም አልጻፈም።

ዝምታውን የሰበረችው 13ኛዋ ናት፣ ያቺ አንቱ በል ባይዋ። ሎርድ የተባለ፣ በ2014 ዘጠና አንድ ሊሞላው ቀናት ሲቀሩት ያረፈ ሰው በመላው ክር አንተ መባሉ አስቸገራት። ለንደኑ ሳቀና መለሰላት፤ ሰውዬው ራሱ ያገኘውን ሁሉ ከንግሥት እስከ መብራት ሠራተኛ ዳርሊንግ ነበር የሚለው ይባላል፣ ስም ስለማይዝ። እሱን አንተ ማለት ብድር መመለስ ነው። እኔም በዚህ ተጽናንቼ እሱ እያልኩ ቀጥያለሁ።

ጠያቂው እስከ መጨረሻው አቋሙን አልቀየረም። 35ኛው ላይ ግን ጸባዩ ለስልሶ፣ «ዘ አንግሪ ሳይለንስ»ን ማን እንዳለው ጠየቀ። ያ መኪናውን የሸጠው ፍላሽ ላይ እንዳለው፣ ቅዳሜ ፒያሳ ይዞለት እንደሚመጣ ጻፈ። ቡናውን ግን ጠያቂው እንዲከፍል፣ በድርሻ እንዳይሆን።

36ኛው ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። ያቺን የድልድይ ሰዓት ሊያረጋግጥ ፊልሙን ከፍቶ፣ እያስቆመ ሬሳዎቹን አንድ በአንድ ሲያይ አምሽቷል። በግራ በኩል ካሉት አንዱ ያርገበገበ መስሎታል። 37ኛው ስልክህን አጽዳው አለው። 36ኛው አጽድቶ እንደገና እያየ ነው።